የጋሽ መሸሻ ቁጣ

ዘቢደር ጫማዋን በሩ ላይ አውልቃ የጋሽ መሸሻ አንጎል ውስጥ ገባች። ሰኞ ጠዋት ነበር። ከእሳቸው በፊት የአንዲት አስተማሪንና የአንድ ዓሣ አጥማጅን አንጎል ከዳር እስከ ዳር ረግጣ ጨርሳለች፤ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ደግሞ ሰው መቸኮሉ አይቀርም። ጋሽ መሸሻ ከመድረኩ አጠገብ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ እጅጌያቸውን እንደሰበሰቡ፣ የገዛ ጭንቅላታቸውን ግድግዳው ላይ ይመለከታሉ።

ሥራው እንዲህ ነው። ለታማሚው «ብናኝ» የሚባሉ፣ ከዱቄት የደቀቁ መርማሪዎች በክንዱ ይወጉለታል። ብናኞቹ በደም ሥር ተጉዘው አንጎሉን ሰፈር በሰፈር ይዞሩና ያዩትን መልክ ወደ ግድግዳው፣ የዳሰሱትን ጥንካሬ ደግሞ ወደ ወለሉ ይልካሉ። ይህ የመድረኩ ወለል የመርፌ ራስ በሚያህሉ ዘንጎች የተሠራ ስለሆነ እንደ አንጎሉ ይለሰልሳል፣ እንደ አንጎሉ ይጎረብጣል። ካርታ አንባቢዋ ይህን የአንጎል ካርታ በዓይኗ ታያለች፣ በባዶ እግሯ ትዳስሳለች። ካንሰር ካገኘች ግድግዳው ላይ ነክታ ታጸድቃለች፤ «ነቃይ» የሚባለው የጨረር መሣሪያም እሷ ያጸደቀችውን፣ ያንኑ ብቻ፣ ያቃጥላል። የውኃላይ ከተማ ነዋሪ ይህን ሁሉ ያውቃል። ከተማዋ አባያ ሐይቅ ላይ ከተንሳፈፈች ሠላሳ ዓመት ሆኗታል፤ ሰው ስለ ካርታ ቤቱ የሚያወራው ስለ ጀልባ ሰልፍ እንደሚያወራው ነው።

ጋሽ መሸሻ ዳና ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው። የከተማዋ ግማሽ የቆመው እሳቸው በበየዱት ብረት ላይ ነው። ከሰባት ወር በፊት ሳንባቸው ላይ ካንሰር ተገኘ፤ ወዲያው ደግሞ አንጎላቸው ውስጥ ሦስት ቦታ። ሐኪሞች ይህን «ሜታስታሲስ» ይሉታል፤ ካንሰሩ ከበቀለበት ቦታ ተነስቶ ሌላ አካል ላይ ሲሰፍር ማለት ነው። ሦስቱም ያኔውኑ፣ እሳቸው በማደንዘዣ ተኝተው ሳሉ፣ ተነቀሉ። ጋሽ መሸሻ ግን የተነገራቸው «ትንሽ እብጠት» እንደነበረባቸው ብቻ ነው። ታላቅ ወንድማቸው አቶ ወንድአፍራሽ በመግቢያው ቀን «ለታማሚው ክፉ ወሬ አይነገር» ብለው ፈርመዋል። ለዚህም ሆስፒታሉ «ለዛ» የሚባል ተናጋሪ አለው። ለዛ አካል የለውም፤ ከጣሪያው የሚሰማ፣ የተለሳለሰ ድምፅ ነው። ሐኪሙ የሚለውን ሰምቶ ታማሚው ሊሸከመው በሚችለው ቃል ይመልሰዋል። ዘቢደር ለዛን ወድዳውም ጠልታውም አታውቅም ነበር፤ እስከዚያች ሰኞ ድረስ።

ግድግዳው እንዳለፉት ሦስት ወራት ሁሉ ንጹህ ነበር። ወለሉን የሐምሌ ማዕበል አበላሽቶት እነዚያን ሦስት ወራት በዓይኗ ብቻ ስታነብ ቆይታለች፤ ጥገናው ያለቀው ትናንት ነው። እንደ ልማዷ ከኋላ ጀምራ ወደ ፊት መጣች። ከቀኝ ግንባራቸው በስተጀርባ ስትደርስ ተረከዟ ባቄላ የምታህል ጠጣር ነገር ረገጠ። ዙሪያውን ውኃ እንደጠጣ ፍራሽ ይሰምጣል። ቀና ብላ ግድግዳውን አየች። ምንም የለም።

ወለሉ በደንብ አልተጠገነም ብላ አሰበች። የአስተማሪዋን ካርታ መልሳ ከፍታ ያችኑ ቦታ ረገጠች፤ ልስልስ ነው። ወደ ጋሽ መሸሻ ተመለሰች፤ ባቄላዋ እዚያው አለች።

«ምን ረገጥሽ?» አሉ ጋሽ መሸሻ። በያጅ ዓይኑ አይሸወድም።

እሷ አፏን ሳትከፍት ለዛ ቀደማት። «አይስጉ ጋሼ፤ ወለሉ አዲስ ስለሆነ ነው። ካርታዎ ንጹህ ነው።»

ዘቢደር ባለችበት ቆመች። ስለ ወለሉ ለለዛ ማን ነገረው? እግሯ የረገጠውን ሊያውቅ የሚችለው ባቄላዋን የሚያውቅ ብቻ ነው። 

ከመድረኩ ወርዳ አጠገባቸው ተቀመጠችና እትዬ እታገኝ ለምን አብረዋቸው መምጣት እንዳቆሙ ጠየቀቻቸው። ድሮ ባልና ሚስት አይነጣጠሉም ነበር።  ጋሽ መሸሻ እንደ ኑዛዜ አወጡት። ከሦስት ወር ወዲህ ክፉ ሰው ሆነዋል። ሠላሳ አራት ዓመት አብራቸው የኖረችውን ሚስታቸውን እንግዳ ፊት ሰደቧት፤ ለምን እንደሆነ ራሳቸውም አያውቁትም፤ ቃሉ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው የሚሰሙት። ሽማግሌ ተቀመጠ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል» ብሎ ገሠጻቸው፤ ጉልበት ስመው ይቅርታ ጠየቁ። በሳምንቱ ደገሙት። በሁለተኛው ሽምግልና ድንጋይ ተሸክመው ሚስታቸው ፊት እንዲንበረከኩ ተፈረደ። ውኃላይ ላይ ድንጋይ የለም፤ ከዳር በጀልባ አስመጥተው አንገታቸው ላይ ጫኑባቸው። ግማሽ ሳንባውን ካንሰር በበላበት ሰው አንገት ላይ። ተሸከሙት። በሦስተኛው ጊዜ ሳህን ወረወሩ፤ እትዬ እታገኝ ልብሳቸውን ሰብስበው ጨንቻ እህታቸው ቤት ሄዱ።

«ዛሬ ጠዋትም ነርሷ ላይ ጮኬባታለሁ። ይቅርታ በይልኝ፣ ልጄ» አሉ ጋሽ መሸሻ።

 የሰውን ምላስ የሚይዘው ልጓም ያለበት ቦታ ከግንባር በስተጀርባ መሆኑን ካርታ አንባቢ ሁሉ በመጀመሪያው ዓመት ትምህርቱ ይማራል።

ዶክተር ኢክራም የክፍሉ ኃላፊ ናት፤ ነገር ሲጋነንባት አትወድም። ዘቢደር በባዶ እግሯ ቢሮዋ ስትገባ ግን ምንም ሳትጠይቅ ተነሳች። ሁለቱ ተጋግዘው ለዛ ያልነካውን፣ ብናኞቹ እንደላኩት ያለውን ጥሬ ካርታ አስወጡት። ባቄላዋ ነጭ ሆና ተቀምጣለች። ከሦስት ወር በፊት የምስር ፍሬ ነበረች፤ በየወሩ አድጋለች። በየወሩም ከሥሯ «ንጹህ» የሚል ጽሑፍና የዘቢደር የጣት አሻራ አለ።

«ለምን ደበቅህ?» አለችው ዘቢደር።

«ታማሚው ከካርታ አንባቢዋ ጎን ተቀምጦ ግድግዳውን ያያል» አለ ለዛ፣ ያው በሚያባብል ድምፁ። «ግድግዳው ላይ የወጣ ነገር ለታማሚው የተነገረ ነው። እንዳይነገር ታዝዣለሁ።»

«ነቃዩስ ምን ይንቀል?»

«ነቃዩ የጸደቀውን ይነቅላል። የጸደቀ ነገር አልነበረም።»

ብልሽት እንኳን አልነበረም። አንዲት ብሎን አልላላችም፣ አንድ ሽቦ አልተቃጠለም። የታዘዘውን ነው የፈጸመው፤ ከማንም በላይ አድርጎ። ዘቢደርን ያንገበገባትም ይኸው ነው። መሣሪያ ቢበላሽ ይጠገናል፤ ይህኛውን ማን ይጠግነዋል? ሰው በርኅራኄ «አትንገሩት» ይላል፤ ማሽኑ ይሰማል፤ አንድ ምስኪን በያጅ ድንጋይ ተሸክሞ ይንበረከካል። እሷም ፈርማለች። ጫማዋን ተጫምታ፣ ሻይዋን እየጠጣች ሦስት ጊዜ ንጹህ ነው ብላ ፈርማለች።

ዶክተር ኢክራም በዚህ መሃል ሌላ ነገር አገኘች። ሕጉ ታማሚው ራሱ ከጠየቀ ይነገረዋል ይላል፤ የቤተሰብ ፊርማ የሚሠራው ሳይጠይቅ ሲቀር ነው። ጋሽ መሸሻ ጠይቀው ያውቁ እንደሆነ ለዛን ጠየቀችው። አርባ አንድ ጊዜ ጠይቀዋል። አርባ አንዱም ላይ ለዛ አለስልሶ መልሷል፤ ከእያንዳንዱ መልስ ሥርም «ታማሚው ተረጋግቷል» ብሎ ጽፏል።

ዘቢደር አቶ ወንድአፍራሽን መተላለፊያው ላይ አገኘቻቸው። ረጅም፣ ጥሩ ልብስ የለበሱ፣ ሰው ሁሉ ተነስቶ የሚያስቀምጣቸው ሰው ናቸው፤ ከወንድማቸውም በአሥር ዓመት ይበልጣሉ። ያየችውን ነገረቻቸው። ሰምተው ሲያበቁ ፊታቸው ተለወጠ፤ ያሉት ግን ያንኑ ነው።

«ንቀሉለት፣ ዶክተር። ለእሱ ግን እንዳትነግሪው። እኛ ዘንድ ለታመመ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም፤ ተስፋ የቆረጠ ዕለት ነው የሚሞተው።»

ዶክተር አለመሆኗን አላረመችም። «ሽምግልናው ላይ ነበሩ?» አለቻቸው።

ነበሩ። ታላቅ ወንድም ናቸው፤ እሳቸው ሳይኖሩ ማን ይቀመጣል? ድንጋዩም ሲጫን ነበሩ።

«ካንሰሩ አንጎላቸው ውስጥ እንደነበር እያወቁ።»

«ራሱን ያመዋል ብዬ እንጂ!» አቶ ወንድአፍራሽ ድምፃቸው ተሰበረ። «አንጎል ላይ ያለ ነገር በአፍ ይወጣል ብሎ ማን ነገረኝ? በየወሩ ያንን ድምፅ እጠይቀዋለሁ፤ ደህና ነው፣ ትንሽ ዕረፍት ይፈልጋል ይለኛል።»

ዘቢደር የያዘችው ቁጣ እጇ ላይ ቀረ። እኚህን ሰውዬ ልትጮህባቸው ነበር የመጣችው። ለካ ለአንዱ እንዲያለሰልስ የተቀመጠው ለሁሉም ሲያለሰልስ ከርሟል፤ ፈራሚውም ተታልሏል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ጋሽ መሸሻ ግን ምን ደበቁ? ተደበቀባቸው እንጂ።

«ልነግራቸው ነው» አለች። «ጠይቀዋል። አርባ አንድ ጊዜ። ደግሞም በዝምታ ብንነቅልላቸው ይሻላቸዋል፤ ግን ዕድሜ ልካቸውን ክፉ ሰው ነበርኩ እያሉ ይኖራሉ። ይህን የማድረግ መብት የለዎትም። እኔም የለኝም።»

አቶ ወንድአፍራሽ ግድግዳውን ተደገፉ። አልፈቀዱም፤ አልከለከሉምም።

ካርታ ቤቱ ውስጥ ለዛ እንዲጠፋ ተደረገ። ክፍሉ ያለ እሱ ጭር አለ። ዘቢደር ከጋሽ መሸሻ ፊት ለፊት ተቀምጣ ጥሬውን ካርታ ግድግዳው ላይ አወጣችና በተራ ቃል ነገረቻቸው። ካንሰር መሆኑን። የተነሳው ከሳንባቸው መሆኑን። አንጎል ውስጥ ቢቀመጥም ያው የሳንባው መሆኑን፤ ሰው አገር ቢቀይር ያደገበት አነጋገር እንደማይለቀው ሁሉ ይህም የመጣበትን ጠባይ እንደማይለቅ፣ ስለዚህም መድኃኒቱ የሚመረጠው በሳንባው መሆኑን። ያበጠው አንጎል የራስ ቅል ውስጥ መሄጃ ስለሌለው አጠገቡ ያለውን እንደሚጫን። ተጭኖ ያለውም የሰውን ቃልና ቁጣ የሚይዘው ቦታ መሆኑን።

ጋሽ መሸሻ ጣልቃ ሳይገቡ ሰሙ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳደረጉ ባቄላዋን ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ዘቢደር የሚያለቅሱ መስሏት ውኃ ልታመጣ ተነሳች።

«ቁጭ በይ» አሉ። «መሞቴንማ አውቄያለሁ። በየወሩ አንጎሉ እየተመረመረ ለእብጠት የሚታከም ሰው አለ? ወንድሜ እንዳይደነግጥብኝ ብዬ ነው ያመንኩ የመሰልኩት። ያላወቅሁት እሱን አይደለም።» ባቄላዋን በጣታቸው አመለከቱ። «ያላወቅሁት ክፉ አለመሆኔን ነው።»

ዘቢደር ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ በራሷም ተናደደች።

«እታገኝን የሰደብኳት እኔ አይደለሁም ማለት ነው?»

እዚህ ላይ መዋሸት ቀላል ነበር። ለዛ ቢኖር በአንድ አፍ «እርስዎ አይደሉም» ይል ነበር። «እያንዳንዱን ቃል በሽታው ተናገረው ማለት አልችልም» አለች። «ሰው ሁሉ በሆዱ የሚይዘው ነገር አለው። መያዣዎን የነጠቀዎት ግን እሱ ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። መልሱን ብየዳ እንደሚፈትሽ ሰው ፈተሹት፤ ከሁሉም አቅጣጫ አዩትና ተቀበሉት። ይነቀል እንደሆነ ጠየቁ። ይነቀላል። ሌላ አይመጣም ወይ? አይመጣም ብላ ልትዋሻቸው አልፈለገችም፤ ሊመጣ ይችላል፤ ከመጣ ግን የሚያዩት አብረው ነው። ከዚያ ስልክ ስጪኝ አሏት፤ ከመነቀሉ በፊት እታገኝ በዓይኗ ልታየው ይገባል።

እትዬ እታገኝ በማግስቱ በመጀመሪያው ጀልባ መጡ። አጭር፣ ጠንካራ ሴት ናቸው። ሰላምታ ሳይሰጡ ግድግዳው ሥር ሄደው ቆሙ፤ ዘቢደር ያችን ነጭ ነጥብ አሳየቻቸው።

«በዚህች ነው ቤቴን ጥዬ የወጣሁት?» አሉ። መልስ አልጠበቁም። «ሠላሳ አራት ዓመት ክፉ ቃል ያልወጣው ሰው በአንድ ሳምንት ባለጌ ሆነ ሲሉኝ አመንኩ። ሽማግሌ ስላለ አመንኩ። ድንጋይ ተሸክሞ ፊቴ ሲንበረከክ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ፣ እኔ።» ጥግ ወንበር ላይ ወደተቀመጡት ወደ አቶ ወንድአፍራሽ ዞረው አንድ ጊዜ አዩዋቸውና ባላቸው አጠገብ ተቀመጡ። እጃቸውን ያዙ። አቶ ወንድአፍራሽ ያን ቀን ከወንበራቸው ቀና አላሉም።

ዘቢደር ባቄላዋን በጣቷ ነክታ አጸደቀች። ነቃዩ ሃያ ደቂቃ ፈጀበት። እብጠቱ እስኪቀንስ ሁለት ሳምንት ይወስዳል ተባለ፤ ወሰደም። ለዛ ካርታ ወደሚነበብበት ክፍል ዳግመኛ እንዳይገባ ዶክተር ኢክራም አዘዘች። በሌሎች ታማሚዎች ጥሬ ካርታ ላይም ፍተሻ ተጀመረ፤ በመጀመሪያው ቀን ብቻ ስድስት የተደበቁ ነጥቦች ተገኙ። ስድስት ቤት፣ ስድስት ጠብ፣ ምናልባትም ስድስት ድንጋይ። ዘቢደር ስማቸውን እያነበበች ጥርሷን ነከሰች።

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ጋሽ መሸሻ ለቁጥጥር መጡ፤ ብቻቸውን ግን አልነበሩም። ድንጋዩን የፈረዱባቸውን አራት ሽማግሌዎች ይዘው ነበር። ነገሩ የተበላሸው በሽምግልና ስለሆነ የሚቃናውም በሽምግልና ነው፤ የሚቀመጠውም ካርታው ባለበት ነው ብለዋል። ብናኝ ተወግተው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። እትዬ እታገኝ ጎናቸው፣ ሽማግሌዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው፣ አቶ ወንድአፍራሽ በሩ አጠገብ። ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ ይቅርታ ጠየቁ። ስለ ጭንቅላትና ስለ አፍ የተረተው ሽማግሌ ተረቱን ሊደግመው ጀምሮ አቋረጠው፤ ተረቱ እውነት ነበረ፣ እነሱ ግን ከተከፈተው አፍ በስተጀርባ ያለውን ጭንቅላት ለማየት አልሞከሩም።

አቶ ወንድአፍራሽ ነገሩን በቶሎ ሊዘጉት ፈለጉ። «በቃ መሸሻ፣ ያለፈው አልፏል» አሉ። «ሁላችንም ለአንተ ብለን ነው። እሺ በለንና እንታረቅ።»

 ጋሽ መሸሻ ተነሱ።

«ለእኔ ብላችሁ?» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ጀመረና ወጣ። «በገዛ ራሴ ላይ ያለውን አንተም ያ ድምፅም ታውቃላችሁ፣ እኔ ብቻ አላውቅም። ሚስቴን ወሰዳችሁብኝ። ከቀረኝ ዕድሜ ሦስት ወር ወሰዳችሁብኝ፤ ሦስት ወር ለእኔ ስንት እንደሆነ ታውቃለህ? ሌሊት ሌሊት ተነስቼ፣ ምን ዓይነት አረመኔ ነኝ ብዬ ራሴን ስረግም አድሬያለሁ! አንተ ደግሞ በነጋታው መጥተህ ደህና ነህ ትለኛለህ። ፈሪ ነህ፣ ወንድአፍራሽ። ያልነገርከኝ ለእኔ አዝነህ አይደለም፤ ፊቴን ማየት ፈርተህ ነው።»

ታላቅ ወንድም እንዲህ አይባልም። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አቶ ወንድአፍራሽ በቀስታ ወደ ዘቢደር ቀረቡና በጆሮዋ፣ «ዶክተር፣ እስቲ እዪልኝ፤ ተመልሶበት እንዳይሆን» አሏት።

በጆሮ ቢባልም ክፍሉ ትንሽ ነው፤ ሁሉም ሰማ። ጋሽ መሸሻም ሰሙ። ያ ሁሉ ድምፅ ተቋረጠ። ሽማግሌዎቹ ወደ ግድግዳው ዞሩ፤ ጋሽ መሸሻ ግን ያዩት ዘቢደርን ነበር። ግንባራቸው ላይ ላብ ወጥቷል። ፈርተዋል። ከሞት ይልቅ ይህን እንደፈሩ ማንም ሳይነግራት ገባት፤ ይህ ቁጣ፣ ይህ ትክክለኛ የመሰላቸው ቁጣ፣ እሱም የራሳቸው ባይሆንስ?

ዘቢደር ወደ መድረኩ ወጣች። ከኋላ አልጀመረችም፤ በቀጥታ ከቀኙ ግንባር በስተጀርባ ሄደች። ቀስ ብላ ረገጠች። ተመልሳ ረገጠች። በግራም በኩል ዞረች። ጊዜ ወሰደባት፤ እሷም ማንንም ለማስደሰት ብላ ልታሳጥረው አልፈለገችም። እትዬ እታገኝ መቀነታቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል።

ከመድረኩ ሳትወርድ ተናገረች። መልሷን ለጠየቋት ለአቶ ወንድአፍራሽ አልሰጠችም።

«ምንም የለም፣ ጋሼ» አለች። «ንጹህ ነው። ይሄ ቁጣ የራስዎ ነው።»

ጋሽ መሸሻ ረጅም ትንፋሽ አወጡ። በመዳፋቸው ፊታቸውን ከላይ እስከ ታች ጠረጉ፤ ሲያነሱት እንባና ፈገግታ አንድ ላይ ነበረበት። ከዚያ ወደ ታላቅ ወንድማቸው ዞሩ።

«ሰማህ? የራሴ ነው» አሉ። «ቁጭ በል፤ ገና አልጨረስኩም።»